ጎዶሎ መሆን የፈለገ ልጅ

ታንኳው የሩዝ ማሳውን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ገባ። ወንዙ ከሞላ ሰንብቷል፤ ማሳና ወንዝ አይለይም። የሩዙ ጫፍ ብቻ ከውሃው ብቅ ብሎ የታንኳውን ሆድ ያሻሻል። ቱይ ከኋላ ቆሞ ይቀዝፋል። እህቱ ፒኩን ጀርባዋን ሰጥታው መሀል ላይ ተቀምጣለች። ትልቁ ልጇ ዲት ከጎኗ ነው፤ ለዛሬው ቀን ቁንጮው በአዲስ ክር ታስሯል። ትንሹ ኮፕ ከፊት ጫፍ ላይ እግሮቹን አንጠልጥሎ የሚያልፉትን ዘንባባዎች ይቆጥራል።

«አንድ» አለ ኮፕ።

ሁለተኛው ዘንባባ ሲያልፍ አፉን ገጠመ።

«ሦስት።»

«ሁለትን የት ጣልካት?» አለ ዲት።

«ውሃ ውስጥ።»

«አራትንስ?»

«እሷንም።»

«በቃ፣ አዞ በላታ!»

«ይብላት። የአባዬ ናት።»

የፒኩን ጀርባ ተገተረ። ዲት ሊስቅ የከፈተውን አፉን መልሶ ዘጋ። ቱይ መቅዘፊያውን ከሚያስፈልገው በላይ ወደ ታች ሰደደው።

የሚሄዱት ወደ ዳኛው ወደ ሉዋንግ ቴፕ ችሎት ነው። ፒኩንና ባሏ ሳክ ከተፋቱ አንድ የዝናብ ወቅት አልፏል፤ ድስቱ፣ ምንጣፉ፣ ጎሾቹ ተከፋፍለዋል። የቀሩት ልጆቹ ናቸው። ሕጉ ደግሞ አጭር ነው። ልጆች በተወለዱበት ተራ ይቆጠራሉ፤ አንደኛው፣ ሦስተኛው፣ አምስተኛው ለእናት፤ ሁለተኛውና አራተኛው ለአባት። ጎዶሎው ለእሷ፣ ሙሉው ለእሱ። ማንን ይወዳል፣ ከማን ጋር ይተኛል፣ ሲያመው ማንን ይጠራል የሚል ጥያቄ ሕጉ ውስጥ የለም። የጎሽ ጥጃ እንኳ ከእናቱ ሲለይ ጡት መተዉ ይታያል፤ ቱይ ይህን ባሰበ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል።

እሱም በልጅነቱ ሙሉ ነበር። ፒኩን አንደኛ፣ እሱ ሁለተኛ። ኮፕን ሲያክል አባቱ በትልቅ ጀልባ ጭኖ ወደ ላይኛው አገር ወሰደው። ያን ቀን አላለቀሰም። ዳር ላይ የቆሙት ሁሉ «ጎበዝ! ወንድ ልጅ ማለት እንዲህ ነው!» እያሉ አጨበጨቡለት። ወንዙ እስኪጠመዘዝ ድረስ ወደ ኋላ ሲያይ አንድም ታንኳ አልተከተለውም። የንጉሡ የግዴታ ሠራተኛ የሚለይበት ንቅሳት አንጓው ላይ ታትሞበት፣ ጎረምሳ ሆኖ፣ ባዕድ አነጋገር ይዞ ሲመለስ እናቱ ሞታ ነበር። እህቱ በእንጨት እግር በቆመው ቤታቸው መሰላል ላይ ቆማ «ማንን ፈልገህ ነው?» አለችው። እስካሁን ምግብ ሲቀርብ ቱይ የሚቀመጠው መሰላሉ አጠገብ ነው፤ ሂድ ሳይባል መሄድ የሚቻልበት ቦታ። ከዚያ የጀልባ ቀን ወዲህ አልቅሶ አያውቅም። መቼ እንዳቆመ ያውቃል፤ እንዴት እንደሚጀመር ግን ጠፍቶበታል።

ስለዚህ ኮፕን ሲያይ ሌሎቹ የማያዩትን ያያል። ኮፕ ማለት እንቁራሪት ማለት ነው፤ መናፍስት እንዳይመኙት የወጣለት ስም ቢሆንም ለአፉም ይስማማው ነበር፤ ከንጋት እስከ ማታ አያርፍም። አባቱ ከከተማ የሹመቱን ሹል ቆብ ደፍቶ መጥቶ «ጨርሰናል» ካለበት ቀን ወዲህ ግን አፉ የሚከፈተው ለመቁጠር ብቻ ሆነ። ሁለት ዓሣ ከሰጡት አንዱን ይመልሳል። መሰላሉን ሲወጣ አንድ እየዘለለ ይረግጣል፤ ሁለት ጊዜ ወድቆ አገጩን ተፈንክቷል። ምንጣፉ ላይ መሽናት ከተወ ዓመታት አልፈውት ነበር፤ አሁን እንደገና ጀመረ። ፒኩን ምንጣፉን ባጠበች ቁጥር ከቤቱ ሥር ከጎሾቹ መሀል ገብቶ ይደበቃል። ሩዝ ሲበላም ከሚበላበት ቅጠል ዳር አንድ እፍኝ ለብቻ ያስቀምጣል።

«ይሄ ለማን ነው?» አለው ቱይ አንድ ቀን።

«ለሁለተኛው።»

«ማነው ሁለተኛው?»

«የሞተው። እሱ ሁለተኛ ከሆነ እኔ ሦስተኛ ነኛ። ሩዝ ካልሰጠነው ግን ተናዶ ቁጥሩን ይመልስልኛል።»

ቱይ ያን ዕለት እራቱን አልጨረሰም።

የዛሬው ፍርድ በሙሉ የተንጠለጠለው በዚህ ሩዝ በተቀመጠለት ሕፃን ላይ ነው። በዲትና በኮፕ መሀል የተወለደ ነበር፤ ስም እንኳ አልወጣለትም። በመንደሩ አንድ ልጅ ሲወለድ ሰፌድ ላይ ይተኛል፤ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የመናፍስት እንጂ የሰው አይደለም። ቀኑ ሲሞላ አዋላጇ ሰፌዱን ወለሉ ላይ ኳ እያደረገች «የማን ልጅ ነው ይሄ? የፈለገ ይውሰደው!» ብላ ትጣራለች። መናፍስት ያዳምጣሉ። አባትና እናት አፋቸውን ይገጥማሉ፤ ለልጁ ግድ የሌላቸው መምሰል አለባቸው። ያኔ የተጠራች አንዲት ጎረቤት «የኔ ነው» ብላ የዋጋውን ዛጎል ትወረውራለች። መናፍስቱ ልጁ ከዚያች ምስኪን ሴት እጅ የገባ ተራ ነገር መስሏቸው ይተዉታል። ልጁም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰው ይሆናል።

ለዚያ ሕፃን የተጠራችው ዓሣ ሻጭ በወንዙ ሙላት ምክንያት ዘገየች። አዋላጇ አንድ ጊዜ ተጣራች። ሁለት ጊዜ ተጣራች። በሦስተኛው ሳክ፣ ያኔ ሹመትም ቆብም ያልነበረው ሳክ፣ በሩ ላይ ቆሞ በደስታ ዓይኑን ሲጠራርግ የነበረው ሰው፣ አላስቻለውም። «የኔ ነው! የኔ!» ብሎ ጮኸ።

መጀመሪያ ሁሉም ሳቁ። ቀጥሎ ዝም አሉ። ጨረቃዋ ሳትሞላ ሕፃኑ ሞተ።

ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት ውስጥ የተጣሉት ጠብ ሁሉ፣ በጨው ቢጀመር በጎሽ፣ መጨረሻው እዚያ ሰፌድ ላይ ነበር። ፒኩን «አፍህን መዝጋት አቅቶህ ልጄን ለመናፍስት ጠቆምክ፤ ቃልህ ቃል አይደለም» ትላለች። ሳክ «ልጄ ነው፣ ልጄን የኔ አልኩ፤ ምን አጠፋሁ?» ይላል። ኮፕ ሲወለድ ሳክ ሰፌዱ አጠገብ ቆሞ የነጠላውን ጫፍ አፉ ውስጥ ጎስጉሶ፣ ዓሣ ሻጯ ዛጎሏን እስክትወረውር ድረስ ነክሶ ቆየ። መንደሩ «ሳክ ጨርቅ በላ!» እያለ እስከ ዛሬ ይስቃል። ኮፕም ይህን ቀልድ ሲሰማ ነው ያደገው። ለሞተው «የኔ» ተባለለት፤ ለእሱ ጨርቅ ተበላለት። ከዚህ ውስጥ የልጅ ጭንቅላት ምን እንደሚያወጣ ማንም አስቦ አያውቅም።

«ቱይ» አለች ፒኩን ዞር ሳትል። «ቃሉ ይቆጠራል ይሉ ይመስልሃል?»

«የቱ ቃል?»

«አታሹፍብኝ። ሳክ ሰፌዱ ላይ ያለው።»

«አይቆጠርም ስትይ የኖርሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ፣ እትዬ?»

«አሁን ይቆጠር!» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ከተቆጠረ ያ ልጅ ሰው ነበር፤ ሁለተኛው እሱ ነው። ሳክ እሱን ይውሰድ። ኮፕ ሦስተኛ ይሆንልኛል።»

«እሱን ይውሰድ ማለት… ሙቱን?»

ዲት ወደ ቱይ ዞሮ አየው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ፊት ላይ መታየት የሌለበት ድካም ነበረበት።

«አጎቴ፣ አንተ መመስከር አትችልም?»

«የእናትህ ወንድም ነኝ። ዘመድ አይመሰክርም። አዋላጇ ሞታለች፤ ዓሣ ሻጯ አልነበረችም፤ ሌላው ሁሉ ዘመድ ነበር። ሊናገሩ የሚችሉት አባትህና እናትህ ብቻ ናቸው።»

«እነሱማ ውሸታሞች ናቸው» አለ ዲት በቀስታ። ማንም አልተቆጣውም።

*

የችሎቱ አዳራሽ ወንዙ ላይ በእንጨት እግር የቆመ ነው፤ ዛሬ ውሃው ወለሉ ላይ ለመድረስ ጥቂት ደረጃ ብቻ ቀርቶታል። ጀልባዎች እንደ ከብት ተጠጋግተው ታስረዋል። በየመሀሉ ነጋዴዎች ደረቅ ዓሣ በሰፌድ ዘርግተው ይሸጣሉ። የሳክ ጀልባ ከሩቅ ታወቀች፤ ጎኗ ቀይ የተቀባ፣ አራት ቀዛፊ ያላት። አሁን እሱ ሳክ ሳይሆን ሙን ሳክ ነው፤ የንጉሡ የዝሆን ጋጣ ሹም። የማዕረጉ ምልክት የሆነው የቅጠል ማኘኪያ ሳጥን ከፊቱ ተቀምጧል፤ ሹል ነጭ ቆቡ ከአገጩ ሥር ታስሯል።

«አንተ ባለ ጎሽ!» አለ ከቀዛፊዎቹ አንዱ ለቱይ። «ታንኳህ ውሃ እየጠጣች ነው፤ ወይስ እሷም ፍቺ ላይ ናት?»

«አንተን አይታ አፍራ ነው» አለ ቱይ። «የሹም ቀዛፊ ስትሆን ሱሪ ይሰጡሃል ብላ ጠብቃ ነበር።»

ሌሎቹ ሳቁ። ሳክ አልሳቀም። ዓይኑ ኮፕ ላይ ነበር። ጎንበስ ብሎ ከእንጨት የተቀረጹ ሁለት ዝሆኖች አወጣ፤ ጥርሳቸው ሳይቀር የተሠራ፣ የሚያምሩ።

«ና እንቁራሪቴ። ለአንተ ነው ያስቀረጽኳቸው።»

ኮፕ አንዱን ተቀበለ። ሌላውን ገፍቶ መለሰ።

«ሁለቱም የአንተ ናቸው።»

«ሁለት አልፈልግም።»

«ለምን?»

ኮፕ አንዱን ዝሆን ይዞ ወደ ወንድሙ ዞረ። ሳክ ወደ ቀዛፊዎቹ ዞሮ፣ «ይኸውላችሁ፣ ከአሁኑ ለሰው ማካፈል ያውቃል» ብሎ በኩራት ፈገግ አለ። ቱይ ያን ፈገግታ በመቅዘፊያው ሊመታው ምንም አልቀረውም።

ሉዋንግ ቴፕ ከፍ ባለው መደብ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል። ቅጠል ያኝካል፤ ቀዩን ምራቅ የናስ ዕቃ ውስጥ እንትፍ ይላል። በዚያ ጠዋት ብዙ ነገር ፈርዷል፤ ድንበር፣ የሰረቀ ባሪያ፣ የጠፋ ጎሽ። ልጆቹም በዚያው ተራ ቀረቡ።

«ስንት ወለድሽ?» አላት።

«ሦስት፣ ጌታዬ። አንዱ ሞተብኝ።»

«የትኛው?»

«መካከለኛው።»

«ሰፌድ ላይ ተጠራ?»

«ተጠራ፣ ጌታዬ።»

«ማን መለሰ?»

ፒኩን ወለሉን አየች። «ባሌ።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሉዋንግ ቴፕም ጥቁር ጥርሱን አሳየ። «አባትየው ራሱ? አባትየው መለሰና እንዴት ሥርዓት ሆነ? የአባት ቃል ሰፌድ ላይ ቃል ነው ትያለሽ?»

ፒኩን ዓመታት ሙሉ የተፋችውን ነገር መልሳ ዋጠች።

«ቃል ነው፣ ጌታዬ። ከልቡ ነው ያለው። ከማንም ጎረቤት ይልቅ ከልቡ ነው ያለው። ሰምቼዋለሁ።»

ሳክ ቀና አለ። ለአንዲት ቅጽበት ሹሙ ጠፋና በሩ ላይ ቆሞ ዓይኑን ሲጠራርግ የነበረው ሰው ታየ። ይህን ቃል ከእሷ አፍ ለመስማት ስንት ጠብ ተጣልቷል! አሁን ሰጠችው፤ የሰጠችው ግን ልጁን ልትወስድበት ነው። ፊቱ ተመልሶ ተዘጋ።

«ሙን ሳክ» አለ ዳኛው፣ «ምን ትላለህ?»

ሳክ ቆቡን አውልቆ በእጁ አዞረው። ቃሉ ይቆጠራል ካለ ድርሻው ስም የሌለው ሙት ነው። አይቆጠርም ካለ ሕያው ልጅ ይዞ ይሄዳል።

«ሴትየዋ ራሷ የምታውቀው ነው፣ ጌታዬ። ብያለሁ። ግን የአባት ቃል ቃል አይደለም፤ ሥርዓቱን አፍርሼዋለሁ። ልጁ…» ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጁ የመናፍስት ነበር። ሰው አልሆነም። ሲነግሩኝ ኖረው አሁን ነው የገባኝ።»

«የኔ ነው ስትል አልነበረም!» ብላ ጮኸች ፒኩን። «በየሌሊቱ የኔ ነበር ስትል አልነበረም?»

«ቃልህ ቃል አይደለም ስትዪ አልነበረም?»

ቱይ ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው። ገበያ ላይ ልብስ እንደተለዋወጡ ሰዎች አንዱ የሌላውን ቃል ለብሶ ቆሟል። ለዚያች ሰፌድ ሲሉ ቤት አፈረሱ፤ አሁን ሰፌዷን ገልብጠው ይዘው እንደገና ይሟገታሉ። ሁለቱ ልጆች ከምሰሶው ሥር ተቀምጠው ሁሉንም ይሰማሉ። ዲት የኮፕን ጆሮ በሁለት እጁ ሊሸፍን ሞከረ። ኮፕ እጆቹን ገፋቸው። መስማት ፈልጓል፤ ቁጥሩ የሚነገርበት ቀን ነው።

ሉዋንግ ቴፕ እንትፍ አለ።

«ሰፌድ ላይ የሚቆጠረው ከአባትና ከእናት ሌላ የሆነ ሰው የኔ ነው ሲል ብቻ ነው። ለዚህኛው እንዲህ ያለ ሰው አልተገኘም። ስለዚህ አይቆጠርም። ትልቁ አንደኛ ነው፤ ለእናት። ትንሹ ሁለተኛ ነው፤ ለአባት። ጨርሰናል። ቀጥሉ።»

«ጌታዬ!» ቱይ በጉልበቱ ወደ ፊት ተጎተተ። «ልጁ ይጠየቅ።»

«ምን ተብሎ?»

«ምን እንደሚፈልግ። ትንሽ ነው፣ ጌታዬ። ከወንድሙ ተለይቶ አድሮ አያውቅም። ታምሟል፤ የማያመው መስሏችሁ ነው እንጂ…»

«ሩዝ ሲካፈል ሩዙ ይጠየቃል?» አለ ዳኛው። አዳራሹ እንደገና ሳቀ። የሳቁት ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ብዙዎቹ በልጅነታቸው እንዲህ የተከፋፈሉ ናቸው። ቱይን ከሁሉ በላይ ያናደደው ይኸው ነበር።

ኮፕ ተነሥቶ አባቱ ፊት ቆመ።

«ለኔ ማነው የኔ ያለው?»

ሳክ ግራ ተጋብቶ ፈገግ አለ። «ዓሣ ሻጯ ነቻ። ታውቃታለህ።»

«አንተስ?»

«እኔማ… እኔ…»

«አባትህማ ጨርቅ እየበላ ነበር!» አለ ከኋላ አንድ የመንደር ሰው። ሳቁ እስከ ጀልባዎቹ ተሰማ።

ኮፕ አልሳቀም። ራሱን ነቀነቀ፤ ሲጠረጥር የነበረውን ነገር እንደነገሩት ሰው። አንዷን ዝሆን ወለሉ ላይ አስቀመጣት። ከዚያ እናቱን ሳያይ፣ ወንድሙን ሳያይ፣ ደረጃውን እያንዳንዱን ረግጦ፣ አንድም ሳይዘልል፣ ወርዶ ቀዩዋ ጀልባ ውስጥ ገባና ተቀመጠ።

ቱይ የረገጠውን አየ። ልጁ መዝለል ትቷል። ሙሉ መሆኑን ተቀብሏል።

«ጎበዝ!» አለ አንዱ ቀዛፊ። «እንባ እንኳ የለም!»

«ወንድ ልጅ እንዲህ ነው!» አለች ዓሣ ትሸጥ የነበረች ሴት፤ እጇንም አጨበጨበች። ሌሎችም ተከተሏት።

«የሙን ልጅ መች ያለቅሳል?» አለ ሳክ፣ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ቆቡን መልሶ ደፍቶ ጀልባዋ ውስጥ ከልጁ ጎን እየተቀመጠ።

ፒኩን ምሰሶውን አቅፋ ተንሸራተተች። ቱይ ግን ጭብጨባውን ሰማው። ያው ጭብጨባ ነው። ከዚያ ወንዝ፣ ከዚያ ዳር ተከትሎት የመጣ፣ ዕድሜውን ሙሉ መሰላል አጠገብ ያስቀመጠው ጭብጨባ። እዚያ ጀልባ ውስጥ ቀጥ ብሎ የተቀመጠው ጀግና አይደለም። አንድ ልጅ ራሱን እንደ በር እየዘጋ ነው፤ እነሱ ደግሞ የበሩን ድምፅ ሰምተው ያጨበጭባሉ!

ቀዛፊዎቹ ገመዱን ፈቱ።

ያኔ ዲት ሮጠ። ያጨበጨበችው ሴት ፊት የነበረውን ሰፌድ አንሥቶ ደረቅ ዓሣዋን ውሃው ላይ ደፋው፤ ሴትየዋ ጮኸች። የአዳራሹ ወለል ጫፍ ላይ ተንበርክኮ ሰፌዱን ጣውላው ላይ መታው። ኳ!

«የማን ልጅ ነው ይሄ? የፈለገ ይውሰደው!»

ድምፁ እየጎረነነ ያለ ድምፅ ነው፤ መሀሉ ላይ ተሰበረ። ወሬው ሁሉ ባንዴ ቆመ። በዚህ ቃል አይቀለድም። አንዲት አሮጊት ትከሻዋን ዳሰሰች፤ ሌላዋ ወደ ውሃው ተፋች።

ኳ!

«የማን ልጅ ነው? የፈለገ ይውሰደው!»

ሳክ ጀልባው ውስጥ ግማሽ ተነሣ። አፉ ተከፈተ። ቱይ በግልጽ አየው፤ ቃሉ ጥርሱ ላይ ደርሶ ነበር። ኮፕም ቀና ብሎ የአባቱን አፍ እያየ ነበር። አራቱ ቀዛፊዎችም፣ ዳኛውም፣ ዳር የቆመው ሁሉ እያዩት ነበር። ሙን ሳክ የነጠላውን ጫፍ አንሥቶ አፉ ውስጥ ከተተና ነከሰው።

መናፍስትን ፈርቶ ይሁን፣ ሰውን ፈርቶ፣ ወይስ ልቅሶ ይዞት፣ ቱይ ከዚያ በኋላም አላወቀም። ማወቅም አልፈለገም። ልጁ ዓይኑን ከአባቱ አፍ ላይ አንሥቶ ወደ ጉልበቱ ጣለ።

ኳ!

«የማን ልጅ ነው?» ዲት አሁን እያለቀሰ ነበር። «የማን ነው? የማንም አይደለም ወይ?»

«የኔ ነው!»

ቱይ ድምፁን አላወቀውም። ከሆዱ የወጣ ነበር። እየሮጠ ወደ ጫፉ ሄደ፤ ከሽርጡ እጥፋት ዛጎል አውጥቶ በኃይል ወረወረ። ዛጎሉ የጀልባዋን ጎን መትቶ ነጥሮ ኮፕ እግር ሥር ወደቀ።

«የኔ ነው! እኔ ወስጄዋለሁ!»

ሉዋንግ ቴፕ ከመደቡ ወርዶ መጣ። «ይሄ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?»

«ከአባትና ከእናት ሌላ የሆነ ሰው ብለዋል፣ ጌታዬ» አለ ዲት፣ ሰፌዱን እንደያዘ፣ ንፍጡን በክንዱ እየጠረገ። «አሁን አሉ። ሁሉም ሰምቷል።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ በልጁ ላይ ግን አልነበረም። ማጉረምረሙ ከጀልባ ወደ ጀልባ ተላለፈ። የዳኛው ጆሮ ቀላ።

«ያ ለአራስ ነው! ይሄ ጥርስ ያወጣ ልጅ ነው! ሕግ መጫወቻ አደረጋችሁት?» ወደ ጀልባዋ ዞረ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ቅዘፉ!»

አራቱ መቅዘፊያዎች ባንዴ ውሃ ውስጥ ገቡ። ከዳኛው ሰዎች አንዱ የሸንበቆ ዘንጉን ቱይ ትከሻ ላይ አሳረፈው፤ ደገመው። ቱይ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም።

ኮፕ ዛጎሉን አነሣው። መዳፉ ላይ አገላበጠው። አንድ ነው። ከዚያ ቀና ብሎ ቱይን አየው፤ ወንድሙን አየው፤ ምሰሶው ሥር ያለችውን እናቱን አየ። ፊቱ ተጨማደደ፣ አፉ ሰፋ፣ ድምፅ ሳይወጣ ቆየ።

ልቅሶው መጣ። የሚያምር ልቅሶ አልነበረም። እንደሚታረድ ከብት ያለ፣ የሚያንቅ፣ ዳር እስከ ዳር የሚያስተጋባ ነበር።

«ዝም በል!» አለ ሳክ ጨርቁን ከአፉ አውጥቶ። «ዝም በል፣ ሰው እያየህ ነው! ወንድ ልጅ አይደለህም?»

«ተወው!» ብሎ ጮኸ ቱይ። ሳክ የንጉሥ ሹም ነው፤ ቱይ ደግሞ አንጓው ላይ ንቅሳት ያለበት ተራ ሰው። «አንተ! ተወው! ያልቅስ!»

ታንኳው ውስጥ ዘልሎ ገባ። ዲት ሰፌዱን እንደያዘ ተከተለው። ፒኩን ምሰሶውን ለቃ በውሃው ውስጥ እስከ ወገቧ እየረገጠች መጥታ ጫፉን ያዘች።

«አራት ናቸው ቱይ። አትደርስባቸውም።»

«አውቃለሁ። ግቢ።»

ቀዩዋ ጀልባ ከአዳራሹ ርቃ ወደ ወንዙ መሀል ወጥታ ነበር። ዲት ሁለተኛውን መቅዘፊያ አንሥቶ ከፊት ተቀመጠ፤ ፒኩን በእጇ ውሃውን ትገፋ ጀመር። በእያንዳንዱ ቀዘፋ በሁለቱ ጀልባዎች መሀል ያለው ውሃ እየሰፋ ሄደ። መጀመሪያ የሳክ ነጭ ቆብ ከወንዙ ጭጋግ ጋር ተመሳሰለ፤ ቀጥሎ ቀዩ ቀለም ጠፋ። ልቅሶው ግን ይሰማ ነበር።

«አቆመ?» አለ ዲት።

«አላቆመም። ስማ።»

ወንዙ የሚጠመዘዝበት ቦታ ደረሱ። ቱይ ቦታውን ያውቀዋል፤ በልጅነቱ ወደ ኋላ ማየት ያቆመው እዚህ ነው። ያኔ የሰማው የራሱን ጀልባ መቅዘፊያዎች ብቻ ነበር። ከኋላ ምንም ድምፅ አልነበረም።

መቅዘፊያውን ከውሃው አወጣ። አጋድሞ በሙሉ ኃይሉ ውሃውን በጥፊ መታው። ጧ!

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች ፒኩን። «ያዘገየናል!»

«ይስማ» አለ ቱይ፤ እንደገናም መታው። «እየተከተልነው መሆኑን ይስማ።»

ዲት መቅዘፊያውን ጥሎ ሰፌዱን አነሣና የታንኳውን ጠርዝ ይደበድብ ጀመር።